ቅርብ ሆኖ ስለ ደበዘዘው ነገር

የእግር ኳስና የሩጫ ሥዕል በጋዜጣ ላይ ሲወጣ የሰው ሁሉ ዓይን የሚሄደው ወደ ጨዋታው ነው። ኳሱን በራሱ ለመምታት ከመሬት የተነሣውን ተጫዋች፥ ወይም የመጨረሻውን መሥመር በደረቱ የሚያልፈውን ሯጭ አይቶ፥ «እንዴት ያለ ሥዕል ነው!» ብሎ አድንቆ ገጹን ይገልጣል። ነገር ግን ያንኑ ሥዕል ረጋ ብሎ እንደ ገና ለሚመለከት ሰው፥ ብዙ ጊዜ ከታች በኩል ወይም በጠርዙ ላይ፥ ቅርጹ የማይለይ ጥላ የሚመስል አንድ ነገር ይታየዋል። ይህም አንዳንድ ጊዜ የዳኛው ጀርባ፥ አንዳንድ ጊዜ የሌላ ፎቶግራፍ አንሺ ትከሻ፥ አንዳንድ ጊዜ የጎሉ መረብ ወይም የአንድ ተመልካች ራስ ነው። ለፎቶግራፍ አንሺው ከሯጩ ይልቅ የሚቀርበው እርሱ ነበረ፤ በሥዕሉ ላይ ግን ከሁሉ ይልቅ የማይታወቀው እርሱ ሆኖ ይገኛል።

ይህን ቅርብ ሆኖ የደበዘዘ ነገር ምን እናድርገው? አንዳንዶች፥ «የሥዕሉን ውበት ያበላሻልና ተፍቆ ይጥፋ» ይላሉ። ሌሎች፥ «በዚያ ስፍራ ነበረና ይቈይ» ይላሉ። ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት የእጅ ሥራ ጥያቄ ብቻ ይመስላል። ጠልቀው ሲመረምሩት ግን ስለ ምስክርነትና ስለ ፍርድ የሚጠይቅ ሆኖ ይገኛል፤ ይኸውም ያልተመለከትነውን ነገር እንደሌለ ልንቈጥረው ይገባናልን? የሚል ነው።

አስቀድሞ ነገሩ እንዴት እንደሚሆን መረዳት ያስፈልጋል። የአጭር ርቀት ሯጭ በአንድ ሴኮንድ 10 ሜትር ያህል ይሄዳል። ይህን ሰው ሥዕሉ ሳይንሸራተት ለመያዝ የካሜራው መዝጊያ ተከፍቶ የሚቈየው የሴኮንድ አንድ ሺሕኛ ለምታህል ቅጽበት ብቻ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ሯጩ የሚያልፈው አንድ ሳንቲ ሜትር ነው። በዚህ ባጠረ ጊዜ ውስጥ በቂ ብርሃን እንዲገባ ደግሞ፥ ሌንስ የተባለው የካሜራው መስተዋት አፉን በሰፊው መክፈት አለበት። አፉ በሰፋ መጠን ግን ጥርት አድርጎ የሚያሳየው ስፍራ እየጠበበ ይሄዳል። በሜዳ ዳር ከምናያቸው ከትልልቆቹ ሌንሶች አንዱ፥ የ400 ሚሊ ሜትር የሚባለው፥ አፉ 14 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሰፋል። ይህ ሌንስ በ20 ሜትር ርቀት ላይ ወዳለ ሰው ሲነጣጠር፥ ጥርት ብሎ የሚታየው ከፊት እስከ ኋላ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ አንድ ክንድ እንኳ አይሞላም። ከዚያች ክንድ ከማትሞላ ስፍራ ወዲህም ወዲያም ያለው ሁሉ ይደበዝዛል። ይልቁንም ወዲህ ያለው ወደ ሌንሱ እየቀረበ በመጣ ቍጥር ቅርጹን እያጣ ይሄዳል።

እንግዲህ ይህ መደብዘዝ የፎቶግራፍ አንሺው ስንፍና አይደለም፤ የከፈለው ዋጋ ነው እንጂ። ፍጥነትን ለመያዝ ጥልቀትን ሰጠ፤ አንዱን አጥርቶ ለማየት ሌላውን ተወ። የሰው ዓይንም ቢሆን ከዚህ ሕግ አያመልጥም። አንባቢ ሆይ፥ ጣትህን ከዓይንህ ፊት አቁመህ በሩቅ ያለውን ዛፍ ብትመለከት፥ ዛፉ ጥርት ሲል ጣትህ ሁለት ሆኖ ይደበዝዝብሃል። ነገር ግን ዓይንና ሥዕል በአንድ ነገር ይለያያሉ። ዓይን ከዛፉ ወደ ጣት ይመለሳል፤ ጣቱንም አይቶ የማን እንደ ሆነ ያውቃል። የፎቶግራፍ ሥዕል ግን አንድ ጊዜ ከተያዘ በኋላ ወደ ተወው ነገር አይመለስም። የደበዘዘው እንደ ደበዘዘ ይኖራል።

የአገራችንን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚያውቅ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ይረዳል። በዚያ ሥዕል ላይ ቅርብ በመሆኑ የሚደበዝዝ፥ ሩቅ በመሆኑ የሚጠፋ የለም። ከግርጌ የቆመው አገልጋይና ከላይ ያለው ቅዱስ እኩል ጥርት ብለው ይታያሉ። ሠዓሊው ማዕረግን መለየት ሲሻ የከበረውን ትልቅ ያደርገዋል፤ ጻድቁን በሁለት ዓይኑ፥ ኃጥኡን በጎኑ አዙሮ በአንድ ዓይኑ ይሥለዋል። በዚያ ፍርዱ የሠዓሊው ነው፤ ፍርዱንም በግልጥ ያሳያል። በፎቶግራፍ ግን መለየቱን የሚያደርገው ርቀት ነው። የደበዘዘው ሰው የደበዘዘው ክፉ በመሆኑ ወይም በመናቁ አይደለም፤ ከዚያች ክንድ ከማትሞላ ስፍራ ውጭ በመቆሙ ብቻ ነው። ነገር ግን ተመልካች ይህን ስለማያውቅ፥ የደበዘዘውን ሁሉ የማይረባ አድርጎ ይቈጥራል። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል እንደሚባለው፥ ቅርቡ ነገር ይናቃል።

ይህን ነገር ሳስብ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ የመረብ ነገር ነው። ከጎሉ ኋላ ሆኖ በረኛውን ፎቶግራፍ ማንሣት የሚሻ ሰው መረቡ ይከለክለዋል። ያልለመደ ሰው ከመረቡ ይርቃል፤ በራቀ መጠን ግን ገመዱ እየጐላ የበረኛውን ፊት ይከፋፍለዋል። የለመደው ሰው ግን ሌንሱን መረቡን ሊነካ እስኪደርስ ድረስ ያስጠጋዋል። ያን ጊዜ መረቡ ከሥዕሉ ይጠፋል። ምክንያቱም የገመዱ ውፍረት ጥቂት ሚሊ ሜትር ሲሆን የሌንሱ አፍ 14 ሳንቲ ሜትር ስለሚሰፋ፥ ከበረኛው የሚመጣው ብርሃን በገመዱ ግራና ቀኝ አልፎ ይገባል። ሥዕሉን ያየ ሰው በመካከል መረብ እንደ ነበረ አያውቅም። ነገር ግን መረቡ የጠፋው ከሥዕሉ እንጂ ከስፍራው አይደለም። የሚከለክለውን ብርሃን ይከለክላል፤ ነጭ ሆኖ ፀሐይ ካረፈበት ደግሞ በሥዕሉ ሁሉ ላይ እንደ ስስ ጉም ይዘረጋል። ጥቁሩ ፈጽሞ ጥቁር አይሆንም፤ የቀለሙም ድምቀት ይቀንሳል።

ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። መረቡን የሚያየው ከመረቡ የራቀው ሰው ነው፤ ከመረቡ ጋር የተጣበቀው አያየውም፤ ነገር ግን የሚያየው ሁሉ በጥቂቱ ደብዝዞበታል። በአንድ ሜዳ ላይ የአንዱን ቡድን ወዳጅና የሌላውን ቡድን ወዳጅ ጐን ለጐን አስቀምጣችሁ ዳኛው የሰጠውን ቅጣት ምት ያይ እንደ ሆነ ጠይቁ። ሁለቱም ዓይናቸው ጤነኛ ነው፤ ሁለቱም የተመለከቱት አንዱን ነገር ነው፤ ነገር ግን አንዱ፥ «በእውነት ጥሎታል» ሲል ሌላው፥ «ራሱ ወደቀ» ይላል። ሁለቱም አይዋሹም። በእያንዳንዱ ዓይን ፊት ለቡድኑ ያለው ፍቅር እንደ መረብ ተዘርግቷል፤ እጅግ ስለ ቀረበው ግን አላየውም። ከሩቅ የመጣ እንግዳ ሰው የሁለቱንም መረብ ያይላቸዋል። ስለዚህ ፊት ለፊታችን የሚጋርደን ትልቅ ነገር ከሁሉ የከፋ አይደለም፤ እርሱን ቢያንስ እንደሚጋርደን እናውቃለን። የከፋው ቀርቦ ቀርቦ የማይታየው ነው።

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። ዛሬ አንድን ትከሻ ከፎቶግራፍ ላይ ማጥፋት ቀላል ሆኗል፤ ትከሻው የነበረበትንም ስፍራ ኮምፒዩተሩ ራሱ ሣር አድርጎ ይሞላዋል። ይህ ተገቢ ነውን? በዚህ ነገር ላይ ዓለም የተወያየበት አንድ ፍርድ አለ። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2010 ዓ.ም. «ወርልድ ፕረስ ፎቶ» በተባለው፥ መቀመጫው በሆላንድ አገር በሆነው የጋዜጣ ፎቶግራፍ ውድድር፥ በስፖርት ክፍል ሦስተኛ ሽልማት ያገኙ ሥዕሎች ነበሩ። ሥዕሎቹ በኪየቭ ከተማ ስለሚደረግ የመንገድ ድብድብ የሚናገሩ ናቸው። ከእነርሱም አንዱ በጨርቅ የተጠቀለለ የተደባዳቢ እጅ የሚያሳይ ነበረ። ኋላ ግን ዋናው ሥዕል ሲመረመር፥ በእጁ አጠገብ ይታይ የነበረ የሌላ ሰው እግር ቅንጣት ተፍቆ እንደ ጠፋ ታወቀና ሽልማቱ ተሰረዘ።

በዚህ ፍርድ ውስጥ የሚያስተምረው፥ ሥዕሉ ከዚህ በፊት ብዙ ሌላ ለውጥ የደረሰበት መሆኑ ነው። ከሰፊው ሥዕል ተቈርጦ ትንሽ ክፍል ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ቀለሙም ጠፍቶ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ነበር። ሽልማቱን ያሳጣው ግን ይህ ሁሉ ትልቅ ለውጥ አይደለም፤ ያች የእግር ቅንጣት መጥፋቷ ነው። ብዙ ሰዎች በዚህ ተገርመው፥ «ትልቁን ትቶ ትንሹን መክሰስ ምን ፍርድ ነው?» አሉ።

እኔ ግን ፍርዱ ትክክል ይመስለኛል። ሥዕልን መቍረጥ ማለት «ምስክርነቴ ከዚህ ይጀምራል፥ እዚህ ያበቃል» ማለት ነው። መፋቅ ግን ሰው በነበረበት ስፍራ ላይ፥ «ማንም አልነበረም፤ ሣር ብቻ ነበረ» ብሎ መመስከር ነው። ምስክር ያየውን ሁሉ ላይናገር ይችላል፤ ያላየውን ግን አይቻለሁ ሊል አይችልም። እርግጥ ነው፥ መቍረጥም ሁልጊዜ ንጹሕ አይደለም። የወደቀውን ተጫዋች አሳይቶ የገፋውን እጅ የሚቈርጥ ሰው ከፋቂው አይሻልም። ነገር ግን የቈረጠ ሰው ከጠርዙ ውጭ ሌላ ነገር ሊኖር እንደሚችል ለተመልካች ይተውለታል፤ ሥዕል ሁሉ ጠርዝ እንዳለው ሰው ሁሉ ያውቃልና። የፋቀ ሰው ግን የጥርጣሬን በር እንኳ ዘግቶበታል።

ምናልባት አንባቢ፥ «ስለ አንድ ብዥ ያለ ትከሻ ይህ ሁሉ ክርክር ምን ያደርጋል? ማን ይጐዳበታል?» ይል ይሆናል። እኔም አስቀድሞ እንዲሁ አስብ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ግን በሰፈሬ ወደሚኖሩ ወደ አንዲት እናት ቤት ለጥየቃ ገብቼ፥ ከጋዜጣ ተቈርጦ በመስተዋት የገባ አንድ ሥዕል በግድግዳቸው ላይ አየሁ። ሥዕሉ የሩጫ ነው። ሯጩ በመካከል ጥርት ብሎ ይታያል፤ ከፊቱ በግራ በኩል ግን እንደ ጢስ የሚመስል የአንድ ልጅ ጆሮና ትከሻ አለ። ሯጩን የሚወዱት መስሎኝ ስለ እርሱ ብናገር፥ ሴትዮዋ ጣታቸውን በዚያ ጢስ ላይ አኑረው፥ «ይህ ልጄ ነው» አሉኝ። «እማማ፥ በምን ዐወቁት?» ብላቸው፥ «የሸሚዙን አንገትጌ በቀይ ጨርቅ የጠገንሁት እኔ ነኝ» ብለው መለሱልኝ። በእርግጥም ከጢሱ መካከል ቀላ ያለ ነገር ይታያል። ልጁ ሩጫውን ለማየት በመንገድ ዳር ከቆሙት አንዱ ነበረ፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ዘመን አልቈየላቸውም። ሌላ ሥዕል የላቸውም።

ያን ሥዕል ለጋዜጣው ያዘጋጀው ሰው ስለ ውበት ብሎ ያን ጢስ ቢፍቀው ኖሮ፥ ከአንባቢዎቹ ሁሉ አንድ እንኳ ጐደለብኝ የሚል አይገኝም ነበር፤ ከእኚህ እናት በቀር። እርሳቸውም ቢሆኑ ምን እንደ ጐደለባቸው ባላወቁም ነበር። ብዥ ያለ ነገር ለእኛ ብዥ ይበል እንጂ ለራሱና ለሚወደው ጥርት ያለ ነው። የእኛ ሌንስ ወደ ሌላ ስፍራ ስለ ተነጣጠረ ብቻ ሰውነቱ አልቀነሰም።

ደግሞም ቅርቡን ነገር በፈቃዳቸው የሚያደበዝዙ ፎቶግራፍ አንሺዎች አሉ። ባንዲራ በሚያውለበልቡ ሰዎች መካከል ገብተው፥ በራሶችና በእጆች ፊት ለፊት አሻግረው ተጫዋቹን ያነሣሉ። ያን ጊዜ ሕዝቡ በሥዕሉ ዙሪያ የቀለም ክፈፍ ይሆናል፤ ተመልካችም በሕዝቡ መካከል የቆመ ይመስለዋል። ይህን አልነቅፍም፤ ከየት ሆኖ እንዳየ በግልጥ መናገር ነውና እንዲያውም እውነተኛነት አለበት። የምለው ይህን ብቻ ነው፤ ሰውን ለቀለምነት የተጠቀመበት ፎቶግራፍ አንሺ ሰው መሆኑን አይርሳ።

በዚህ አሳብ የታወቀ አንድ ሩጫ ልጥቀስ። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ከተማ በኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ሩጫ፥ የእኛው ኃይሌ ገብረ ሥላሴና የኬንያው ፖል ቴርጋት 25 ዙር ሮጠው እስከ መጨረሻው ተናነቁ። ኃይሌ በ27 ደቂቃ ከ18 ነጥብ 20 ሴኮንድ፥ ቴርጋት በ27 ደቂቃ ከ18 ነጥብ 29 ሴኮንድ ገቡ። በመካከላቸው የነበረው ከሴኮንድ መቶኛ ዘጠኝ ብቻ ነው፤ በሜዳ ላይ ሲለካ አንድ ሜትር አይሞላም። ከላይ እንዳልነው ግን ያ ትልቅ ሌንስ በ20 ሜትር ርቀት ላይ አጥርቶ የሚያሳየው 40 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ከኋላቸው ሆኖ ወደ አሸናፊው ቢያነጣጥር ኖሮ፥ ለእርሱ ቅርብ የሚሆነው ተሸናፊው ነው፤ ቅርብ በመሆኑም ጥቂት ይደበዝዝበት ነበር። ያን የደበዘዘ ጀርባ ያየ ሰው፥ ከዚያ ከፍ ያለ ድካም ኋላ የተገኘ መሆኑን ካላስታወሰ፥ የኃይሌን ድል እንኳ በትክክል አይረዳውም። አሸናፊውን ትልቅ ያደረገው እዚያው አጠገቡ ያለው ሰው ነውና።

ከዚያም ዐርባ ዓመት ቀደም ብሎ የሆነውን እናስብ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ በሮማ ከተማ የማራቶንን ሩጫ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ። ሩጫው ያለቀው ከመሸ በኋላ ነበርና፥ በጥንታዊው በአፒያ መንገድ ዳርና ዳር የኢጣልያ ወታደሮች ችቦ ይዘው ቆመው ነበር። ያ ሌሊት በአገራችን የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነው፤ በየደጃፉ ችቦ የሚበራበት ሌሊት ነው። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን በጦር ከያዘው አገር የመጡ ወታደሮች፥ በዚያ ዋዜማ ለኢትዮጵያዊው ሯጭ ችቦ አበሩለት። የአበበን ስም ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። ችቦ የያዙትን ግን በስም የሚያስታውሳቸው የለም። ከእነርሱ ኋላ ቆሞ በመካከላቸው አሻግሮ የተመለከተ ሰው ሁሉ፥ ትከሻቸውን እንደ ጥላ፥ ችቦአቸውን እንደ ተበተነ ብርሃን አድርጎ አይቶ ይሆናል። ነገር ግን ያ የተበተነ ብርሃን ባይኖር ሯጩ ራሱ በጨለማ ባለፈ ነበር።

እንግዲህ ነገሩን ለመጨረስ፥ ሰው ሁሉን ነገር በአንድ ጊዜ አጥርቶ ማየት አይችልም፤ አንዱን ሊመርጥ ግድ ነው። መምረጡ ኃጢአት አይደለም። ኃጢአቱ ያልመረጥነውን እንዳልነበረ ማድረግ ነው። በጋዜጣ የሚሠሩ ሁሉ በሥዕላቸው ጠርዝ ላይ ያለውን ጥላ ሳይፍቁ ይተዉት፤ እዚያ የቆመ ሰው ነበረና። እኛም የምንመለከት ሁሉ ሯጩን ካደነቅን በኋላ ገጹን ከመግለጣችን በፊት፥ ዓይናችንን ወደ ጠርዙ እንመልስና፥ «ይህ ማን ነበረ?» ብለን እንጠይቅ። ሥዕሉ መመለስ አይችልም፤ ዓይን ግን ይችላል። ከዚህም በላይ፥ አንድን ሰው ወይም አንድን ነገር ከፍርዳችን ፊት አቅርበን በምንመለከትበት ጊዜ፥ በእኛና በእርሱ መካከል መረብ ተዘርግቶ እንደ ሆነ እንመርምር። መረቡን ለማየት ጥቂት ወደ ኋላ መራቅ ይበቃል።